ሳይታጠብ የከረመ ፊልም

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የሚያወራው ተነስተው ስላልታዩ ፎቶዎች ነው።

ባለፉት ዓመታት ብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ሰፈር ቀይሯል። ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስ፣ ከአራት ኪሎ የተነሳው ወደ ሰሚት፣ ወደ አያት፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ ገብቷል። ቤት ሲለቀቅ ደግሞ ስንት ዘመን ተቆልፎ የኖረ ሻንጣ ይከፈታል፤ የብፌው መሳቢያ ይገለበጣል። ከድሮ ደረሰኝና ከቆመ የእጅ ሰዓት ሥር አንዳንዴ አንድ ጥቅል ፊልም ብቅ ይላል። ፎቶ ተነስቶበታል፣ ግን አልታጠበም።

እንዲህ ያለ ፊልም በየቤቱ መገኘቱ አያስገርምም። ፊልም ውድ ነበር። 36 ፎቶ የሚያነሳውን ሳይጨርሱ ማሳጠብ እንደ ብክነት ይቆጠር ስለነበር፣ ለፋሲካ የተጀመረው እስከ እንቁጣጣሽ፣ ሲብስም እስከሚቀጥለው ሠርግ ይጠብቃል። በመካከሉ ባለካሜራው ውጭ አገር ይሄዳል፣ ወይም ያርፋል፤ ካሜራውም ፊልሙን እንደያዘ ይቀመጣል።

ታዲያ ከሠላሳ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ይህ ፊልም ቢታጠብ ምስል ይወጣዋል? ጥቁርና ነጭ ፊልም ከሆነና አያያዙ ክፉ ካልነበረ፣ ብዙ ጊዜ ይወጣዋል። ነገር ግን ፊልም የሚታጠበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዘመን ያላጠፋውን ምስል የአንድ ደቂቃ ችኮላ ሊያጠፋው ይችላል። ዛሬ የምንማረው ያ እንዳይሆን ማድረግ ያለብንን ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

በመጀመሪያ ፊልሙ ውስጥ ምን እንዳለ እንይ። ጥቁርና ነጭ ፊልም ማለት በስስ ፕላስቲክ ላይ የተቀባ የጀላቲን ሽፋን ነው። በጀላቲኑ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የብር ጨው ቅንጣቶች፣ በአብዛኛው ሲልቨር ብሮማይድ የሚባለው፣ ተበትነው ይገኛሉ። የካሜራው መዝጊያ ለቅጽበት ተከፍቶ ሲዘጋ፣ ብርሃን ባረፈበት ቅንጣት ላይ ጥቂት የብር አቶሞች፣ አንዳንዴ አራት ያህል ብቻ፣ አንድ ላይ ተሰባስበው ነጥብ ይሠራሉ። ይህ እንዴት እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ1938 በዝርዝር ያብራሩት ሮናልድ ገርኒ እና ኔቪል ሞት የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት ናቸው።

በዚህ ደረጃ ፊልሙን ብታዩት ምንም አይታይበትም። ምስሉ ግን ተጽፏል፤ ስውር ምስል ይባላል። ፊልሙ ዴቨሎፐር በሚባለው ኬሚካል ውስጥ ሲገባ ያች ነጥብ እንደ እርሾ ትሠራለች። ኬሚካሉ ከእሷ ተነስቶ ቅንጣቱን በሞላ ወደ ጥቁር ብር ይለውጠዋል፤ ጥቂቶቹ አቶሞች ከመቶ ሚሊዮን እጥፍ በላይ ይበዛሉ። ከዚያ ፊክሰር የሚባለው ኬሚካል ብርሃን ያልነካውን ጨው አጥቦ ያስወጣዋል። የብዙ ፊክሰር ዋና ንጥረ ነገር ሶዲየም ታዮሰልፌት ሲሆን ባለሙያዎች ሃይፖ ይሉታል። ሃይፖ የብር ጨውን እንደሚያሟሟ እንግሊዛዊው ጆን ኸርሸል ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1819፣ ፎቶግራፍ ለዓለም ከመታወጁ 20 ዓመት ቀድሞ ነው።

እንግዲህ ፊልሙ ሳይታጠብ ሲቀመጥ ሁለት ነገር ይደርስበታል። አንደኛ፣ ስውሩ ምስል ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው በጥላ ሥር የነበረው የምስሉ ክፍል ነው። ሁለተኛ፣ ብርሃን ጨርሶ ያላያቸው ቅንጣቶች እንዳዩ ሆነው መጥቆር ይጀምራሉ። ይህ ፊልሙን በሙሉ ግራጫ ያለብሰዋል፤ ባለሙያዎች ጉም ይሉታል። የቆየ ፊልም ሲታጠብ ያለው ትግል በሚደክመው ምስልና በሚወፍረው ጉም መካከል ነው።

ይህን የሚያፋጥኑት ጠላቶች አራት ናቸው። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ለፊልም ከድሬዳዋ ወይም ከአሳይታ ይልቅ ይስማማል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ኮርኒስ ላይ የተወረወረ ሻንጣ ግን በበጋ ቀን ይግላል። ሁለተኛው እርጥበት ነው። ክረምት ላይ ግድግዳው ላብ የሚያወጣ ቤት ውስጥ ጀላቲኑ ይሻግታል፣ የተጠቀለለውም እርስ በርሱ ይጣበቃል። ሦስተኛው ጭስና ሽታ ነው፤ ለልብስ ተብሎ ሻንጣ ውስጥ የሚጨመረው ናፍታሊንም ፊልምን ከሚጎዱት ውስጥ ይቆጠራል። አራተኛው ጨረር ነው። ከሕዋ የሚመጣው ጨረር በከፍታ ቦታ ይበረታል፤ በቤታችን ካለው ሣጥን የሚያቆመው የለም። ለዚህም ነው በፊልም ፍጥነት መለኪያ 400 ኤኤስኤ (ASA) የሆነው፣ ለብርሃን ፈጣኑ ፊልም ዘገምተኛ ከሆነው ከ100 ኤኤስኤ ቀድሞ የሚጎመው።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮች፣ ፊልም ምን ያህል ሊታገሥ እንደሚችል ከዓለም አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1897 ስዊድናዊው ሰሎሞን አውጉስት አንድሬ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በባሉን ወደ ሰሜን ዋልታ ተነሳ። ባሉኑ በረዶ ላይ ወደቀ፣ ሰዎቹም አልተመለሱም። የሆኑት ሳይታወቅ 33 ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1930 ነጭ ደሴት በምትባል በበረዶ በተሸፈነች ደሴት ላይ አስከሬናቸው፣ ከዚያም ፎቶ የተነሳባቸው ፊልሞች ተገኙ። ስቶክሆልም ውስጥ ጆን ሄርትዝበርግ የተባለ ባለሙያ አጠባቸው፤ ከ240 ፎቶዎች 93ቱን አዳነ። ወድቆ የተጋደመው ባሉንና አጠገቡ የቆሙት ሰዎች ዛሬ ድረስ በእነዚያ ምስሎች ይታያሉ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር አለ። ፊልሙን ያቆየው ቅዝቃዜ ነው። ምስሉን ያወጣው ደግሞ ሳይጣደፍ የሠራ ሰው ነው። ቅዝቃዜውን ወደ ኋላ ተመልሰን መስጠት አንችልም፤ አለመጣደፉ ግን በእጃችን ነው።

ወደ ከተማችን እንመለስ። አዲስ አበባ ከፎቶ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ጀምሮ የነገሥታቱን ፎቶ ያነሱ ከነበሩት መካከል አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን አንዱ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰዋል። በኋላም ሽመልስ ደስታ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነው ሠርተዋል። የታላላቆቹ ምስል እንዲህ ባለሙያ ነበረው። የተራው ሰው ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃትና ለቅሶ ግን የተመዘገበው በፎቶ ቤትና በየቤቱ በነበሩት ትንንሽ ካሜራዎች ነው።

የዚህን ክብደት ለማየት ከቦሌ መንገድ መነሻ፣ መስቀል አደባባይ ጥግ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ጎራ ማለት ይበቃል። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ሙዚየም ግድግዳው በዚያ ዘመን በተገደሉ ወጣቶች ፎቶ ተሞልቷል። አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ለመታወቂያ ወይም ለትምህርት ቤት የተነሱት ጉርድ ፎቶ ብዙ ነው። ሲነሱት እዚያ ይሰቀላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በአንድ ጥቅል ውስጥ የማን ፊት እንዳለ ሳይታይ ፊልሙን መጣል የማይገባው ለዚህ ነው።

ቦሌ ሲነሳ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያው አለ። ከልደታው ሜዳ ተራውን ተቀብሎ በ1955 ዓ.ም. ግድም ጄቶችን ማስተናገድ ከጀመረ ወዲህ፣ የስንት ቤተሰብ የሽኝት ፎቶ እዚያ ተነስቷል! ያው ማረፊያ ዛሬ ላልታጠበ ፊልም አደገኛ ቦታ ነው። ምክንያቱ የመፈተሻው የኤክስሬይ ማሽን ነው። የኤክስሬይ ጉዳት ይደማመራል፤ መግቢያው በር ላይ አንድ ጊዜ፣ ውስጥ አንድ ጊዜ፣ አውሮፕላን በሚቀየርበት አገር ደግሞ ሌላ ጊዜ። በዕድሜ የጎመ ፊልም ይህን ተጨማሪ ጉም መሸከም ይከብደዋል። አዳዲሶቹ ሲቲ ስካን የሚባሉት ማሽኖች ከድሮዎቹ የበረቱ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቢያልፍባቸው እንኳ ፊልም ሊያበላሹ ይችላሉ።

ስለዚህ «አሜሪካ ላለው ወንድሜ ልኬ እዚያ ያሳጥብልኝ» የምትሉ ካላችሁ አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ አስቡ። የግድ ከሆነ ፊልሙ ተመዝግቦ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በፍጹም አይግባ፤ በእጅ ይያዝ፣ ፈታሹም በእጁ እንዲያየው በትሕትና ይለመን። ፈቃዱ ግን የእሱ ነው። የተሻለው መንገድ እዚሁ አሳጥቦ የታጠበውን ፊልም፣ ማለትም ኔጋቲቩን፣ መላክ ነው። ታጥቦ፣ በፊክሰር አልፎ የደረቀ ፊልም ብርሃንም ኤክስሬይም አያስፈራውም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ፊልም ስታገኙ የመጀመሪያው ሕግ አትክፈቱት ነው። «ምን አለበት?» ብሎ ጫፉን መምዘዝ ብርሃን አስገብቶ ፊልሙን ያበላሸዋል። ፊልሙ ካሜራ ውስጥ ከሆነ የካሜራው ጀርባ አይከፈት። የወረቀት ጀርባ ያለው ሰፊ ጥቅል ከሆነም ወረቀቱ እንዳይላላ በላስቲክ ቢጤ አስራችሁ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ክተቱት። ከዚያ አየር በማያስገባ ዕቃ አድርጋችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡት፤ የሚያጥበው ሰው እስኪገኝ ጉዳቱ ይዘገያል።

ሁለተኛው ሕግ ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ነው። ኮዳክ ትራይ ኤክስ፣ ፕላስ ኤክስ፣ ቬሪክሮም ፓን፣ ኢልፎርድ ኤፍፒ4 ወይም ኤችፒ5፣ ከምሥራቅ ጀርመን ይመጣ የነበረው ኦርዎ ኤንፒ20፤ እነዚህ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ቬሪክሮም ፓን በተለይ ስውር ምስል ረጅም ዘመን በማቆየት የታወቀ ነው። ከዚህ ጋር አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለ። ጥቁርና ነጭ ፊልምን በስህተት በከለር ማጠቢያ ማሽን እንዳታሳጥቡት! ሲ-41 የሚባለው የከለር አጠባብ በመጨረሻው ብሩን በሙሉ ጠርጎ ያወጣል። በከለር ፊልም ላይ ብሩ ቢሄድም ቀለሙ ይቀራል፤ በጥቁርና ነጩ ላይ ግን ምስሉ ራሱ ብሩ ነው። ከማሽኑ የሚወጣው ባዶ ፕላስቲክ ይሆናል። ከዚህ ነፃ የሆኑት ሲ-41 የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ጥቂት የጥቁርና ነጭ ፊልሞች ብቻ ናቸው። በተቃራኒው፣ ቀለሙ የደከመ በጣም የቆየ የከለር ፊልም በጥቁርና ነጭ አጠባብ ምስሉ ሊወጣ ይችላል።

ሦስተኛው ሕግ ሰው መጠየቅ ነው። ዛሬ ፊልም በየፎቶ ቤቱ አይታጠብም። በጨለማ ክፍል የሠሩ አንጋፋ ፎቶ አንሺዎች ግን በከተማችን አሉ፤ ፊልም ማጠብ የሚማሩ ወጣቶችም አይጠፉም። ፊልሙን ከመስጠታችሁ በፊት «የቆየ ጥቁርና ነጭ ፊልም በእጅህ አጥበሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ራሳችሁ ለመሞከር የምትፈልጉ ደግሞ አደራችሁን፣ የመጀመሪያ ልምምዳችሁ በዚያ ፊልም ላይ አይሁን። በማትፈልጉት ፊልም መጀመሪያ በብርሃን፣ ቀጥሎ ዓይን ጨፍናችሁ ተለማመዱ።

ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ መሆን አለበት። በሲኒማ የምናየው ቀይ መብራት ለፎቶ ወረቀት እንጂ ለእንዲህ ዓይነቱ ፊልም አይሆንም፤ አብዛኞቹ ፊልሞች ቀይ ብርሃንንም ያያሉ። የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ክፍል በሌሊት ይበቃል፤ ትንሿን መስኮት ሸፍኑ፣ የበሩን ሥር በብርድ ልብስ ድፈኑ። ውስጥ አምስት ደቂቃ ቆዩ። ከዚያ በኋላም እጃችሁ የሚታያችሁ ከሆነ ገና ጨለማ አልሆነም። ስልካችሁ ውጭ ይቅር፤ እጁ የሚያበራ ሰዓትም ይውለቅ። መብራት ቢጠፋ ሥራው አይቋረጥም፤ ለዚህ አንድ ሥራ እንኳ መብራት መጥፋቱ ይጠቅማል።

ጥቅሉ ሲከፈት ጣታችሁ የሚያገኘውን ልንገራችሁ። ለዓመታት የተጠመጠመ ፊልም እንደ አዲሱ አይታዘዝም። ስትለቁት ተመልሶ ይጠቀለላል፣ ጠንከር ብሎ ይንኮሻኮሻል። ፊቱን ሳትነኩ ዳርና ዳሩን ብቻ ይዛችሁ በእርጋታ ወደ መጠቅለያው ጎማ አስገቡት። ከወረቀቱ ወይም እርስ በርሱ ተጣብቆ ከሆነ በኃይል አትገንጥሉት፤ ሽፋኑ ከነምስሉ ይላጣል። ፊልሙ ከነመጠቅለያው ብርሃን በማያስገባው የማጠቢያ ታንክ ውስጥ ገብቶ ክዳኑ ሲገጠም ብርሃን ማብራት ይቻላል።

ለቆየ ፊልም ባለሙያዎች ጉም የማያበዛ፣ ቶሎ የሚሠራ ዴቨሎፐር ይመርጣሉ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ኮዳክ ኤችሲ-110 ነው፤ አንዱን እጅ ፈሳሽ በ31 እጅ ውሃ መበጥበጥ የተለመደ ነው። ጉሙ በጣም እንዳይወፍር ቤንዞትሪያዞል የሚባል ኬሚካል ጥቂት ይጨመራል። ከአንድ ቦታ ብዙ ጥቅል ካገኛችሁ አንዱን ቀድማችሁ ሞክሩበት፤ አንድ ብቻ ከሆነ ከጫፉ የስንዝር ግማሽ ያህል ቆርጦ መሞከር ቀሪውን ያድናል። የፈሳሹ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሁን፤ የሁሉም ፈሳሽና የማጠቢያው ውሃ ሙቀትም ይቀራረብ። ከሞቀው ወደ ቀዝቃዛው በድንገት ካለፈ ያረጀው ጀላቲን ይሰነጣጠቃል። ቴርሞሜትር ሳይኖር አይጀመርም።

ዴቨሎፐሩ ሲደፋ ፊልሙ በውሃ ይለቀለቃል፤ ከዚያ ፊክሰር ይገባል። ወተት የመሰለው የፊልሙ ሽፋን ጥርት እስኪል የፈጀውን ጊዜ ያዙና ያንኑ ያህል ጊዜ ደግሞ ጨምሩበት። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ማጠብ ነው። እዚህ ላይ «ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንዴት ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። ኢልፎርድ የተባለው ኩባንያ ያስተማረው ዘዴ አለ። ታንኩን በውሃ ሞልቶ 5 ጊዜ መገልበጥና መድፋት፤ እንደገና ሞልቶ 10 ጊዜ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሞልቶ 20 ጊዜ። ለአንድ ጥቅል ፊልም ጥቂት ሊትር የጀሪካን ውሃ ይበቃል። ውሃው ዝቃጭ ካለው ግን በንጹሕ ጨርቅ ይጣራ።

ፊልሙ በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ፣ አቧራ በሌለበት ይሰቀል። አጠገባችሁ ግንባታ ካለ መስኮት አትክፈቱ፤ እርጥብ ጀላቲን ላይ ያረፈ አሸዋ አይለቅም። ኬሚካሎቹን በተመለከተም ጓንት ይደረግ፣ የወጥ ቤት ዕቃ አይነካቸው፣ ሕፃናት አይቅረቡ፣ የተሠራበት ፊክሰርም ወንዝ ውስጥ አይደፋ።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮች፣ ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ጥቁር ሆኖ ብታዩት «አልሆነም» ብላችሁ አትጣሉት። ጉም ለብሶ ነው። ነጭ ብርሃን ላይ አድርጋችሁ እዩት፤ ከግራጫው ውስጥ የአንድ ሰው ትከሻ፣ የነጠላ ጥለት፣ የመኪና መብራት ብቅ ሊል ይችላል። ስካነር ባይኖራችሁ የታብሌት ነጭ ስክሪን ከሥሩ አድርጋችሁ፣ ፊልሙን ከስክሪኑ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ በስልክ አንሱት፤ ከዚያ ቀለሙን ገልብጡት። ለዓይን የጠፋው ብዙ ጊዜ በዚህ ይገኛል። ኔጋቲቩ በወረቀት ኪስ ተቀምጦ በእርሳስ ይጻፍበት።

ካሜራውን ከምናለሽ ተራ ወይም ከሌላ ገበያ ገዝታችሁ ውስጡ ፊልም ካገኛችሁ ደግሞ፣ በምስሉ ያሉት ሰዎች ቤተሰብ እንዳላቸው አትርሱ። ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ ከመልቀቅ በፊት ባለቤቱን በሻጩ በኩል መፈለግ ይቀድማል።

እንግዲህ የዛሬውን ስናጠቃልል፤ ያልታጠበ ፊልም ስታገኙ አትክፈቱት፣ በቀዝቃዛና በደረቅ ቦታ አስቀምጡት፣ ጥቁርና ነጩን ለከለር ማጠቢያ አትስጡት፣ ሳይታጠብ በኤክስሬይ አታሳልፉት፣ ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ጀምሩ። ፊልሙ ማቀዝቀዣ ውስጥ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ካሜራውን ማን ይይዝ እንደነበር የሚያውቁት እናት፣ አባት፣ አክስት ግን ዕድሜያቸው ገፍቷል። ጥቅሉ የማን እንደሆነ፣ በየትኛው በዓልና በየትኛው ቤት እንደተነሳ አሁኑኑ ጠይቋቸውና ጽፋችሁ ከፊልሙ ጋር አስቀምጡ። ምስሉን ባለሙያ ሊያወጣው ይችላል፤ ስሙን ግን የሚያወጣ ኬሚካል የለም።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)